ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ያረሙት ቀን

ዲላ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ኮምፒዩተር ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አለች። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ውል የሚያስገለብጥ፣ አቤቱታ የሚያዘጋጅ ሁሉ በሯን ያንኳኳል፤ የባለቤቲቱን ስም ግን ከጪጩ አሳልፎ እስከ ፍስሐ ገነት ያደረሰው ማመልከቻው አይደለም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ። ግብዓተ መሬት ከመፈጸሙ አስቀድሞ በለቀስተኛው ፊት የሚነበበውን ያን አንድ ገጽ ጽሑፍ እንደርሳቸው አድርጎ የሚያቀናብር በአካባቢው እንደሌለ፣ የሚወዷቸውም የማይወዷቸውም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ሁለት ልማድ ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ቀኑ በቀኝ ራስጌ መስፈር አለበት የሚል ነው፤ ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ቀኑ ሳይጻፍ አንዲት ፊደል አትመታለትም። ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ጥራዝ ይቀመጣል የሚል ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተሩም ለእያንዳንዱ ሟች የየራሱን ፋይል አልከፈቱም። «የሕይወት ታሪክ» የተባለ አንድ ፋይል ብቻ አላቸው፤ አዲሱን ሟች ከቀደመው ሟች ግርጌ ቀጥለው ይጽፋሉ። ገበሬው ከመምህሩ፣ ቡና ነጋዴው ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ሥር ተከታትለው ሰፍረው፣ ጥራዙ አራት መቶ ገጽ አልፏል።

በ2015 ዓመተ ምሕረት አንድ ደንበኛ ይዞት በመጣ ፍላሽ ቫይረስ ገብቶ፣ ጥራዙ ሊጠፋ ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ የደረሰላቸው ዳምጠው ነው። ዳምጠው ከጎጃም መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር የሚያስተምር፣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ገብቶ በዚያው ቤተኛ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። የተጻፈውን ሁሉ በኢንተርኔት እየገለበጠ ሌላ ስፍራ የሚያኖር ፕሮግራም ጫነላቸው።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚጽፉት ሁሉ ግልባጩ ክላውድ ላይ ይቀመጣል። ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም» አላቸው።

«የት ነው የሚቀመጠው?»

«ክላውድ ላይ።»

«እሱንስ ሰማሁ። ቤቱ የት ነው? ዘበኛ አለው?»

«ሩቅ አገር ያሉ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ናቸው፣ እትዬ። መብራት እስካለ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በራሱ ይሄዳል።»

«እንግዲህ የዲላን ሙታን ሁሉ ወደማላውቀው አገር ልትልክብኝ ነው» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ያም ሆኖ አልከለከሉትም። ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ዳምጠው ግን እንደማይዋሽ ያውቃሉ።

ለአንድ ዓመት ከምናምን ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ በ2017 ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ጠበቃ ያስጻፉትን ማመልከቻ ይዘው ተመለሱ። ራስጌው ላይ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በእጃቸው ከጻፉት ቀን ጎን፣ ማሽኑ በገዛ ፈቃዱ ሌላ ቀን ጨምሮበት ነበር፦ ዓመቱም 2024 ይላል።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው እንዴ ክሱን የማቀርበው?» ብለው ቀለዱባቸው ጠበቃው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ስህተት ተነቅፈው ለማያውቁ ሴት፣ ይህ እንደ ዘበት የሚታለፍ ቀልድ አልነበረም። ጠበቃውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ማመልከቻውን ደግመው አትመው ከሸኙ በኋላ ከማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ከመስኮቱ ግርጌ ያለችውን የሰዓትና የቀን ምልክት እስከዚያች ዕለት ልብ ብለው አላዩዋትም ነበር። ነካ ነካ አድርገው መግቢያዋን አገኙት፤ ዓመቱን 2017፣ ወሩን አራተኛ፣ ቀኑን አሥራ ሁለት አደረጉት። ሰዓቱንም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብለው በአገሩ ልክ መለሱት። ማሽኑም ታዘዘ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን መጠበቅ የዘወትር ሥራቸው ሆነ። ማሽኑ ለአንዳንዱ ወር ሠላሳ አንደኛ ቀን ይጨምራል፤ እርሳቸው ይቀንሳሉ። በጥቅምት ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ወደ ሦስተኛው ወር ይዘላል፤ ይመልሱታል። ጳጉሜንንማ ጨርሶ ስለማያውቃት፣ አምስቱን ቀን ሳያበሩት ከርመው በዕንቁጣጣሽ ማግስት ከፈቱት። በየጠዋቱ አንድ ቀይ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ እየተጻፈ ይመጣባቸው ነበር፤ ነዝናዛ ጎረቤትን ሰላም ብሎ እንደሚያልፍ ሰው እርሱንም ዘግተው ያልፉታል። ኢንተርኔት የሚባለውን ለሌላ ጉዳይ ስለማይነኩት፣ የጎደለባቸው ነገር መኖሩን የሚነግራቸው አልነበረም።

በዚያው በ2017፣ መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ወይዘሮ መሰረት የተባሉ የሰባ ሦስት ዓመት ባልቴት በትር ተመርኩዘው ከጪጩ መጡ። የሟች የሕይወት ታሪክ ሊያስጽፉ እንደሆነ ተናገሩ።

«ሟቹ ማን ይባላሉ?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ቀኑን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ።

«መሰረት።»

«የአባት ስም?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። የራሴን ነው።»

ይህን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ደንበኛ አልገጠማቸውም። ጣቶቻቸው ከፊደሉ ላይ ተነሡ። ባልቴቲቱ ግን እንግዳ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም፤ በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ያስጽፉ ጀመር።

ወይዘሮ መሰረት ሁለት ወንዶች ወልደዋል። ከእነርሱ በፊት ግን አንዲት ሴት ልጅ አሳድገዋል። ከዛሬ አርባ አራት ዓመት በፊት፣ ጨርቃ ጨርቅ እያዞረች የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ከቤታቸው አርፋ ሳለ ምጥ ያዛት፤ ሕፃኒቱን «ሩቂያ በሏት» ብላ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ወይዘሮ መሰረት ልጅቱን አሳደጓት፣ ስሟንም አልለወጡም። በወንጌል አማኝ ቤተሰብ ውስጥ ሩቂያ የሚል ስም መጠራቱ ያልተዋጠላቸው ዘመዶች ግን ልጅቱን «መሰረት ያሳደገቻት» ከማለት አልፈው «የመሰረት ልጅ» ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

«ሰው ሁሉ የሚሰማበት ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እኔ አልናገርም» አሉ ወይዘሮ መሰረት። «ስለዚህ አሁን ልናገር። ቃሌን አታሳምሪብኝ፤ እንዳልኩት ጻፊው።»

«በሦስተኛ መደብ ነው የሚጻፈው፣ እናቴ። ሟች ‹እኔ› አይልም።»

«እኔ እላለሁ።»

ተጻፈ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሊያትሙላቸው ሲሉ ግን ባልቴቲቱ እጃቸውን ያዙ።

«የሞቴ ወረቀት ከአልጋዬ ሥር አብሮኝ አያድርም። እዚሁ ካንቺ ዘንድ ይቆይልኝ። ቀኑ ሲደርስ ልጄ ሩቂያ መጥታ ትወስደዋለች።»

«እንዴት አድርጌ አጠፋዋለሁ! ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ የማላውቀው አገር» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፤ ባልቴቲቱንም እስከ ባጃጁ ሸኟቸው።

ስምንት ወር አለፈ። በያዝነው የ2018 ኅዳር፣ ስምንተኛው ቀን ሰኞ ላይ፣ ዳምጠው ለሰላምታ ገባ። ወደ መስኮቱ ግርጌ ሲመለከት ሳቀ።

«እትዬ፣ ይኼ ኮምፒዩተር ሰዓቱ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ የለም እንዴ! ባትሪው ደክሞ ይሆናል።» እንደ ቆመ በሁለት ንክኪ አስተካከለውና፣ ክፍል ደርሶበት ስለነበር ሮጠ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንዲት ሴትዮ የውክልና ቃል እያስጻፉ ጆሯቸውን ይዘውባቸው ስለነበር አልሰሙትም።

ማክሰኞ ወይዘሮ መሰረት አረፉ።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሩቂያ ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች። ዲላ ገበያ ላይ ልብስ የምትሸጥ፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ናት።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የእናቴን ወረቀት ልወስድ ነው። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አጎቴ በፍቃዱ ሌላ አስጽፈዋል፤ ‹ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርታለች› ነው የሚለው። እናቴ ራሷ ያስጻፈችው አለ ብላቸው አላመኑኝም። ሽማግሌው ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው ያስታረቁን፦ የእሷ ከስምንት ሰዓት በፊት ከመጣ የእሷ ይነበባል፣ ካልመጣ የአጎቴ።»

«ተቀመጪ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አሁን ይታተማል» አሉና ጥራዙን ከፈቱ።

ጥራዙ ተከፈተ። ወደ መጨረሻው ገጽ ወረዱ። የመጨረሻው ሟች የአሪቻ ሰው የሆኑ ቡና አጣቢ ነበሩ፤ የተቀበሩትም ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ነው። ከእርሳቸው ግርጌ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዳግመኛ ወረዱ። መጋቢት የለም፤ የካቲትም የለም። ከአራት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት ብቻ፣ በገዛ ጣቶቻቸው የጻፉት ሟች የለም። በጥራዙ መሠረት ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ በጌዴኦ ምድር የሞተ ሰው የለም።

ጥራዙ ቢጠፋ ኖሮ ሌባ፣ ቫይረስ፣ መብራት ብለው ምክንያት ባገኙለት ነበር። ጥራዙ ግን አለ። ፋይሉ ይከፈታል፣ ፊደሉ ያው ነው፤ ከውስጡ የጠፋው አንድ ዓመት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጽፉ ከተጠረዘ መዝገብ ውስጥ ገጽ ሲቀደድ አይተዋል፤ ያለ መቅደድ የተነሣ ዓመት ግን አላዩም። ሦስተኛ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ወረዱ።

«ምነው እትዬ?» አለች ሩቂያ።

«ቆይ… ቆይ ልጄ። ቀኑ ዛሬ ስንት ነው? ኅዳር አሥር አይደለም? 2018 አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«እንደሱ ከሆነ እናትሽ መጥታለች። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አላበድኩም።»

ለዳምጠው ተደወለ። እስኪመጣ ድረስ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ካስታወሱት ለመጻፍ ሞከሩ። ቀኑን ጻፉ፤ «እኔ መሰረት» ብለው ጀመሩ። የሩቂያ ነገር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጉዳዩ ትዝ ይላቸዋል፤ ቃሉ ግን አልመጣም።

«ከስምሽ ቀጥሎ ሌላም ነገር ነበር» አሉ ግንባራቸውን ይዘው። «ስለ አንድ እንስሳ… በግ ነበር? ፍየል?»

«እናቴ እንስሳ ኖሯት አያውቅም።»

«ነበር እላለሁ! እኔው ነኝ የጻፍኩት።» ይህን ካሉ በኋላ ግን ራሳቸውን ተጠራጠሩ። ሩቂያም ተጠራጠረቻቸው።

ዳምጠው በአምስት ሰዓት ተኩል ደረሰ፤ ፈተና ላይ ነበር። ክላውዱን ከፈተ። የጥራዙ የቀድሞ ቅጂዎች ዝርዝር፣ አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች ሆኖ፣ በየቀኑ ተደርድሮ መጣ። ዳምጠው ከላይ ጀመረ። ያለፈው ታኅሣሥ ቅጂ አለ፤ ኅዳር አለ፤ ጥቅምት አለ። ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ ምንም የለም።

«አልገባኝም» አለ። ለአንድ የኮምፒዩተር መምህር ቀላል ቃል አይደለችም። «ለአሥራ አንድ ወር አንድም ቅጂ አልሄደም። ሰኞ ማታ ግን ሠርቷል። ሠርቶ ምን አደረገ? እትዬ፣ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነገር አልነበረም?»

«ቀዩ ነው? በየጠዋቱ ነበር።»

«ምን ይል ነበር?»

«ስዘጋው ነው የኖርኩት። እኔ በምን አውቄ!»

ዳምጠው ደጋግሞ ወጣ፣ ደጋግሞ ወረደ። የተሰረዙትን ፈለገ፤ ባዶ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ።

«የለም፣ እህቴ» አላት ሩቂያን። «በጣም አዝናለሁ። ከታኅሣሥ በኋላ ያለው የለም።»

ሩቂያ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «የአጎቴ ይነበብ እንግዲህ። ሁለት ወንዶች ናቸው ይባል» አለች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህን ጊዜ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብለው ነበር። ዝርዝሩ እስከ ግርጌው ወርዶ ቆሟል። ከ2023 ቅጂዎች ሁሉ በታች፣ ለብቻዋ የተጣለች አንዲት መስመር አለች።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«እሷ ስህተት ናት፣ እትዬ። 2018 ነው የምትለው፤ ሦስተኛ ወር፣ ስድስተኛ ቀን። እኔ ፕሮግራሙን የጫንኩት በ2023 ነው። ያኔ እርስዎ ይኼ ኮምፒዩተርም አልነበረዎትም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። «ሦስተኛ ወር ኅዳር ነው። ኅዳር ስድስት፣ 2018። ቅዳሜ እኮ ነው! የመጨረሻውን ሟች የጻፍኩበት ቀን!»

«እትዬ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ማሽኑ የኛን አያውቅም…»

«እኔ አሳውቄዋለሁ።»

ዳምጠው ዞሮ አያቸው። «ሰዓቱን… እርስዎ ነዎት?»

«የተሳሳተውን አረምኩ። ሰባት ዓመት ሲዋሽ ዝም ልበለው?»

«እኔ ደግሞ ሰኞ ዕለት መለስኩት» አለ ዳምጠው፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሰው። ነገሩ በዚያች ቅጽበት ተገለጠለት። ቀኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲሆን ክላውዱ ማሽኑን አላምንም ብሎ በሩን ዘግቶ ኖሯል፤ የቀዩ ማስጠንቀቂያ ነገርም ይኸው ነው። ሰኞ ቀኑ ሲስተካከል በሩ ተከፈተ። ፕሮግራሙ ሁለት ጥራዝ አገኘ፤ አንዱ 2024 ይላል፣ ሌላው 2018። የሚበልጠውን አዲስ ነው ብሎ ያለፈውን ዓመት ጥራዝ መልሶ አመጣ፤ የወይዘሮ ማንጠግቦሽን ትኩስ ጥራዝ ግን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ከሁሉ ግርጌ አኖረው።

ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለማስረዳት ሞከረ።

«እና የት ነበረ?» አሉ።

«እዚያው ነበረ፣ እትዬ።»

«እዚያው ከነበረ አንተ ለምን የለም አልክ?»

ዳምጠው መስመሯን ነካ፤ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ጥራዙ ወረደ፣ ተከፈተ፤ በመጋቢት አሥራ ዘጠኝ ሥር «እኔ መሰረት» የሚለው ገጽ ወጣ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሳያነቡ አተሙት፤ ለማንበብ ጊዜ አልነበረም። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀው ወደ ጪጩ ነጎዱ።

«የጻፍኩትን ሲያነቡት ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እሰማለሁ» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ወረቀቱን ከነጠላቸው ሥር ከንፋስ እየጋረዱ።

ሲደርሱ አስከሬኑ ከቡናው ጥላ ሥር አርፎ፣ መዘምራኑ ጨርሰው፣ የአቶ በፍቃዱ ወረቀት ከሽማግሌው ከአቶ ጴጥሮስ እጅ ገብቶ ነበር። ሩቂያ በሕዝቡ መካከል አልፋ የእናቷን ወረቀት አቀበለቻቸው። አቶ በፍቃዱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግንባራቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ቀሰሩ።

«ገና ትኩስ ነው ወረቀቱ! ዛሬ ነው የተጻፈው። እህቴ ይህን ማለቷን በምን አውቃለሁ?»

«ስምንት ሰዓት አልሞላም» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «ቃል ገብተናል፣ በፍቃዱ።» ማንበብ ጀመሩ።

«‹እኔ መሰረት የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሩቂያ ናት። አልወለድኳትም፤ እናት መሆንን ግን የተማርኩት በእሷ ነው። ቀጥሎ ኃይለኢየሱስ፣ ቀጥሎ እስክንድር ናቸው።›»

በለቀስተኛው መካከል ማጉረምረም ተሰማ። አቶ በፍቃዱ አንገታቸውን ነቀነቁ። አቶ ጴጥሮስ ቀጠሉ።

«‹ወንድሜን በፍቃዱን ይቅርታ እለምናለሁ። ልጆች ሳለን ጥጃዋ ተፈትታ የተሰጣውን ቡና የበተነች ቀን፣ የፈታኋት እኔ ነበርኩ። አባታችን የገረፈው ግን እሱን ነው፤ ወድቆም ግንባሩ ተፈነከተ። እኔ አይቼ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር ልነግረው አስቤ ፈራሁ።›»

አቶ ጴጥሮስ ቆመው ቀና አሉ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ ጥጃዋ የማን እንደሆነች፣ የትኛው ቡና እንደሆነ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዳምጠውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት፤ «ጥጃ! እንስሳ ነው አላልኩም?» አሉት በሹክሹክታ።

አቶ በፍቃዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«እሷ ነበረች?» አሉ። ጥያቄያቸው ለማን እንደሆነ አልታወቀም። «አላደረግኩም ብዬ አባቴን… እስኪሞት ድረስ አላመነኝም። እሷ ነበረች?»

ከዚያ ሩቂያ ወደ ቆመችበት፣ ከዘመዶች ረድፍ ውጭ ወዳለችበት ስፍራ ተመለከቱ። ሄደው እጇን ያዙ፤ አምጥተውም ከሁለቱ ወንዶች በፊት፣ ከአስከሬኑ ራስጌ አቆሟት። ለአፍታ የምትሆነውን አጣች፤ ወደ ኋላ ልትመለስ ቃጣት፣ እጇን ግን አለቀቋትም።

«ጴጥሮስ» አሉ አቶ በፍቃዱ። «የልጆቹን ስም ድገመው። ከመጀመሪያው ጀምር፤ ቅድም አልሰማሁም።»

አቶ ጴጥሮስ ወረቀቱን አቃንተው፣ ከላይ ጀመሩ።